ከመርዶ በፊት

ስልኩ ሲጠራ የክንዱ የኮምፒውተር ማኪና ይዘፍን ነበር። በኋላ ነገሩን ባስታወሰው ቁጥር የሚያንገበግበው ይኸ ነው። የአብሮ አደጉ የላቀው ሞት በዘፈን ላይ ደረሰው።

«ዘፈኑን ዝጋው እስቲ» አለ አያ ወልደ ዮሐንስ ከአዘዞ። ድምፁ የታፈነ ነበር። «ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው አያ?»

«ላቀው የለም።»

ክንዱ ወንበሩን ያዘ። ላቀው ለአያ ወልደ ዮሐንስ የእህት ልጅ ነው፤ ለክንዱ ግን ከወንድም አያንስም ነበር። መካነ ብርሃን ላይ አጥር ለአጥር ተዋስነው፣ ባንድ ጭቃ ተጫውተው፣ ባንድ ቄስ አርጩሜ ፊደል ቆጥረው ነው ያደጉት። በኋላ ክንዱ ጎንደር ገብቶ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጠባብ የኮምፒውተር ቤት ከፈተ፤ ላቀው ደግሞ ወደ ቆላ፣ ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ወረደ። እዚያ ወባ ጣለው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት።

«እናቱ መንገድ ላይ ናት» ሲል ቀጠለ አያ ወልደ ዮሐንስ። «እሷ በመኪና ስትወርድ ወሬው በስልክ አልፏት መጣ። መጀመሪያ የምትደርሰው አንተ ዘንድ ነው። ልጇ በሾፌር የላከላት አለ አሉ፣ ድምፁ ያለበት... ምንድን ነበር የምትሉት?»

«ፍላሽ።»

«እሱ። እንግዲህ ስማኝ ክንዱ። መርዶ በጎህ ነው። ዛሬ እኔ ቤት እህል ቀምሳ ትደር፤ እኔም የነፍስ አባታችንንና ሽማግሌዎቹን ላሰባስብ። መጥቼ እስክወስዳት ያዝልኝ። አፉ የሚያመልጠው ሰው እንዳያገኛት። ፊትህን ጠብቅ። ደግሞ ያንን ድምፅ እንዳታሰማት።»

«ድምፁንስ ምነው? ለሱ ብላ አይደል የመጣችው?»

«ዛሬ ልጇን ሰምታ በደስታ ስትፈካ ታምሽና፣ ነገ በጎህ እኔ ሄጄ ልንገራት? ሰው ከገደል አፋፍ ወጥቶ ሳለ መግፋት ማለት እኮ ነው። ግፉ ባንተ አንገት ይሆናል፤ ብያለሁ።»

ክንዱ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ማልቀስ ፈለገ፤ አልደፈረም። ያለቀሰ ዓይን ይታወቃል። በሩ ላይ ካለችው በርሜል ውኃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበና ተመልሶ ተቀመጠ።

በዚያ ዘመን የጎንደር ኮምፒውተር ቤቶች በራቸው ላይ «ፍላሽ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈው ነበር። ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዘለለ የስንቱን ማኪና አስተኝቷል። የክንዱ ግን ሊኑክስ በሚባለው ፕሮግራም ነው የሚሠራው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ሲዲውን ትቶለት፣ ማንም ሳያስተምረው እየነካካ፣ እያበላሸ፣ ያበላሸውን እየጠገነ ለመደው። የፍላሹ ቫይረስ እሱ ላይ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ፍላሽ ከሆነ ወደ ክንዱ» ይል ነበር። የላቀው እናት ሽታዬም ይህን ሰምታ ነው ከዚያ ሁሉ ደጋ የወረደች። እሱ ካላሰማት በከተማው ሁሉ የሚያሰማት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ መጣች። አቧራ ለብሳለች፤ እግሯ በመኪና መቀመጥ አብጧል፤ ፊቷ ግን የበዓል ፊት ነበር። ሳመችው፣ ሳመችው፣ መልሳ ሳመችው።

«ደህና ነህ? ጤናህ? ሥራህ? እናትህ ደህና ናት፤ ቅቤ ልካልሃለች፤ መንገድ ላይ ቀለጠና ግማሹን የሾፌሩ ወንበር ጠጣው።» ድንገት ራቅ አድርጋ አየችው። «ምነው ጠቆርክ? ታመሃል?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው እትዬ ሽታዬ።»

«አግባ! ሚስት የሌለው ሰው እንቅልፍ ምን ይሠራለታል።»

መቀነቷን ፈታች። ከእጥፋቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣች፤ ጨርቁን ስትገልጠው ፍላሿ ታየች፤ ከጣት አትረዝምም።

«ይኸው። ያመጣልኝ ሾፌር ልጅሽ ከነድምፁ እዚህ ውስጥ አለ ብሎ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ አልኩት፣ ያ ዋርካ የሚያህል ልጅ በየት በኩል ገባ? የሚከፍታት ጠፍቶ ስንት ቀን በመቀነቴ አዘልኳት መሰለህ፤ እሱን እንኳ በሕፃንነቱ እንዲህ አላዘልኩት። በል አሰማኝ።»

ክንዱ ያዘጋጀውን ውሸት አወጣ። «እትዬ፣ ማኪናው ድምፁ ተበላሽቷል። ሌላው ይሠራል፤ ድምፅ ግን የለውም።»

«ታዲያ ሥራው።»

«ጊዜ ይወስዳል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ...»

«እኔ እቀመጣለሁ፤ አንተ ትሠራለህ። ልጄን ሳልሰማ ከዚህ አልነሣም።» በርጩማውን ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። «አባትህ የተሰበረ ሞፈር ከማሳ ሳይወጣ ይጠግን ነበር። አንተ ቁጭ ብለህ የምትሠራው እንዴት ያቅትሃል?»

እምቢ ቢላት ትጠረጥራለች። ክንዱ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጥግ ወሰደና፣ እሷ መቀነቷን መልሳ ስትታጠቅ፣ የድምፁን ምልክት ተጭኖ ዘጋው። ከዚያ ፍላሿን ሰካ። አንዲት ፋይል ብቻ ነበረችባት፤ ስሟ «ላቀው» ነው። ከፈታት። ትንሿ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። ዝምታ።

«ይኸው» አለ ክንዱ፤ «አይሰማም።»

«የሚነካካ ነገር ይኖረዋል እንጂ! ንካዋ!»

ለማስመሰል ያህል አሮጌ ኤርፎን ከመሳቢያ አወጣና ከማኪናው ሣጥን ከሲፒዩው ፊት ላይ ካለችው ቀዳዳ ሰካው። ወደ ጆሮው ሊወስድ ሲል ሽታዬ ቀደመችና ጫፉን ያዘች።

«ለኔ ስጠኝ፤ የናት ጆሮ ይሻላል።»

ክንዱ ደነገጠ። የዘጋው ድምፅ በኤርፎኑም ይዘጋ አይዘጋ ያን ጊዜ እርግጠኛ አልነበረም። ከመደንገጡ የተነሣ ሽቦውን ይዞ ወደ ጎን መነጨቀው። ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይሄም ተቃጥሏል፤ ጆሮ ይጎዳል» ብሎ ወደ መሳቢያው ወረወረው።

ሽታዬ ባዶ እጇን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

በዚህ መሃል ረውዳ ብቅ አለች። ረውዳ ከጎን ባለው ሱቅ ጨርቅ ትሸጣለች። አያት ቅድመ አያቶቿ ከጥንት ጀምሮ በጎንደር የነገዱ ናቸው፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይሏታል።

«አንተ ክንዱ! ምነው ማኪናህ ዛሬ ጾም ያዘ? ጠዋት እኮ ጣራዬን ሲያስነሣው ነበር። እኔ ደግሞ ዝጋ ብዬ ልሰድብህ ስመጣ በራሱ ዝም አለ።»

ክንዱ አንገቱ ጋለ።

«ጠዋት ይዘፍን ነበር?» አለች ሽታዬ።

«ኧረ ዘፈን ብቻ! ጨርቄ ሁሉ በመደርደሪያው ላይ ይጨፍር ነበር» አለች ረውዳ።

«ጠዋት ነበር» አለ ክንዱ። «ከዚያ ቀጥ አለ።»

ረውዳ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ክንዱ፣ እስቲ ና ያንን ጥቅልል አውርድልኝ፤ እኔ አልደርስበትም» ብላ ወጣች። ተከተላት። በር ላይ ቆመው የላቀውን ሞትና የዘጋውን ድምፅ በጆሮዋ ነገራት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ የእስልምናውን የሐዘን ቃል አለች፤ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና። «እኛ ሬሳም አናሳድር፣ ወሬም አናሳድር። የእናንተን ወግ ግን አልነካም፤ ሽማግሌዎቻችሁ ያውቃሉ። መርዶውን አሳድሩት። ድምፁን ግን ለምን ብለህ ዘጋኸው?»

«አጎቱ ነው ያለኝ። ደስ ብሏት ከዋለች በኋላ ነገ ይከብዳታል አለ።»

«ዛሬ ደስ ባይላትስ ነገ ይቀላታል?»

ክንዱ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ሽታዬ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ በጣቷ እየተከተለች ነበር።

«ይች የምትሄደው ምንድን ናት?»

«ድምፁ ናት። እሱ ሲናገር ትሄዳለች፤ ሲጨርስ ከዚያ ጫፍ ትደርሳለች።»

«አሁን እየሄደች አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ እየተናገረ ነዋ።» ጆሮዋን ከመስታወቱ ላይ አሳረፈች። «እሱ እየተናገረ ነው። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

ክንዱ ያን ጊዜ አንድ ነገር ከውስጡ ተናደበት። ነገ ጎህ ከቀደደ በኋላ ይህን ድምፅ ብታገኘው የሟች ድምፅ ነው የምታገኘው፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ የሟች ድምፅ። በዚህ ዓለም ላይ ላቀው ገና ያልሞተው በዚች ሴት ዘንድ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ነገ ነው። እሱ ደግሞ ያችን የቀረች ግማሽ ቀን በጣቱ ዘግቶባታል።

ማውሱን ያዘና የዘጋውን ምልክት ከፈተው። ፋይሏን ከመጀመሪያው አስነሣት። መስመሯ ሄደች።

ዝምታ።

መጀመሪያ አልገባውም። ድምፁን እስከ ጣራው ከፍ አደረገው። ዝም። ዘጋው፤ መልሶ ከፈተው። ዝም። ሲዋሽ የዋለበት ነገር እውነት ሆኖ ፊቱ ተቀምጧል።

«ምነው?» አለች ሽታዬ። «ቅድም እንደሚፈራ ሰው ነበር የምትነካው። አሁን የጠፋበት ሰው ነው የመሰልከኝ።»

«አሁን ነው የሚሠራው እትዬ። ቆዩኝ።»

ስልኩ ጮኸ። አያ ወልደ ዮሐንስ ነው። ክንዱ ወደ በሩ ሄደ።

«አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ተገኝተዋል። ሁለት ሽማግሌም ይዣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ አንዷ ማልቀስ ጀምራ በስንት መከራ ነው ያስቆሟት። ስለዚህ አሁኑኑ መጥተን እንወስዳታለን፤ ሚኒባስ ተሳፍረናል። አልሰማችም አይደል?»

«አልሰማችም» አለ ክንዱ። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ከአዘዞ እዚህ መንገዱ ቅርብ ነው። ክንዱ ተመልሶ ጉልበቱን አጥፎ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ማኪና ዝም ሲል ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሩቁ ጫፍ ነው፤ ከሰው ጆሮ ተነሥቶ ወደ ውስጥ። ስፒከሮቹ መብራታቸው በርቷል። ሽቦውን ከሲፒዩው ጀርባ ነቅሎ ጫፉን በጣቱ ነካው፤ ስፒከሮቹ ዝዝዝ ብለው አጉረመረሙ።

ሽታዬ ብድግ አለች። «ተናገረ!»

«ገና ነው። ስፒከሮቹ ደህና መሆናቸውን ነው ያወቅሁት።»

ሽቦውን መልሶ ከአረንጓዴዋ ቀዳዳ ሰካው። እሷው ናት ቀዳዳዋ፤ ጠዋት ከሷ ነበር። ስለዚህ በሽታው ከውስጥ ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ጥቁር መስኮት ከፈተና የድምፆቹን መቆጣጠሪያ ጠራው። ዓምዶች ተደርድረው ታዩ፤ እያንዳንዱ የአንድ ድምፅ በር ነው፤ ክፍትነቱና ዝግነቱ ከሥሩ ይታያል። ዋናው ክፍት ነው። የሙዚቃው ክፍት ነው። የስፒከሩ ግን ዝግ ነው። ከፈተው። ወዲያው በራሱ ተዘጋ። መልሶ ከፈተው። መልሶ ተዘጋ። ከውስጥ በኩል በሩን የሚገፋ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

«ማነው የሚዘጋው?» አለች ሽታዬ፤ ዓይኗ ከእጁ አልተነቀለም።

«ማኪናው ራሱ ነው።»

«ምን አደረግነው?»

አንድ የሚያውቀው ሰው ቢሆን «ሁሉንም አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው» ይለው ነበር፤ የከተማው መድኃኒት ሁሉ ያ ነው። ለዚያ ግን ቀኑ አይበቃም፤ መብራቱም በፈረቃ ነው፤ ከመሸ የዚህ ወገን ይጠፋል። ዓምዶቹን ከዳር አንሥቶ እንደገና አንድ በአንድ አነበባቸው። መጨረሻ ላይ የኤርፎኑ አለ። እሱ ክፍት ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ክፍት።

ክንዱ ቀና አለ። ይህ ማኪና ኤርፎን ሲሰካበት ስፒከሩን በራሱ ይዘጋል፤ ድምፁን ወደ ኤርፎኑ ያዞራል። አሁንም ኤርፎን ተሰክቶብኛል ባይ ነው። ኤርፎኑ ግን ከመሳቢያ ውስጥ ነው።

መሳቢያውን ሳበ። ኤርፎኑን አንሥቶ መሰኪያውን አየ። ጫፉ የለም። ቅድም ቀጭ ያለው እሱ ነበር። ተሰብሮ ከቀዳዳዋ ውስጥ ቀርቷል።

«የኔው ሥራ ነው» አለ፤ ለማንም ሳይሆን።

ወረቀት የሚያያይዝበትን መርፌ አንሥቶ ሊያወጣው ሞከረ። ብረቱ ይባስ ወደ ውስጥ ሸሸ። ደግሞ ሞከረ፤ አልወጣም። ከውጭ ሚኒባስ ሲቆም ሰማና መርፌው ከእጁ ወደቀ። ሌላ ሰው ነው የወረደው።

«ምን ገባበት?» አለች ሽታዬ።

«ስባሪ ብረት። ከቀዳዳዋ ውስጥ ተሰንቅሯል፤ እሱ እስካልወጣ አይናገርም።»

«እሾህ ነው በለኛ!» ሳቀች። «ይኸን ሁሉ ሰዓት የምትፈራው እሾህ ነው?» ማተቧን ከአንገቷ ሳበች፤ ከመስቀሏ አጠገብ ወረንጦ ተንጠልጥሎበታል፤ በስንት ሰው እግር እሾህ ላይ ሲሠራ ኖሮ ጫፉ እንደ መስታወት የሳሳ ነው። «አጋድምልኝ። ቀና ካለ ሰው እሾህ አይወጣም።»

ክንዱ ሲፒዩውን በቀስታ ከነሽቦው አጋደመው። ፋይሏን እንደገና አስነሥቶ በስልኩ መብራት አበራላት። ሽታዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ማኪናውን በጭኗ አስደገፈችው።

«እሾህን የሚገፋው ቂል ነው። ዙሪያውን ማላላት ነው፤ ከዚያ ራሱ ይመጣል። ላቀው ትንሽ ሳለ እግሩን ሲወጋው ይሮጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ አሯሩጬ ይዤ እላዩ ላይ ቁጭ እልበት ነበር። አንተም ነበርክ እኮ፤ አንተ እንኳ ሳልነካህ ነበር የምትጮህ... አብራልኝ እንጂ፣ ወዴት ነው የምታበራው? ጣራውን ነው የማወጣው?»

መብራቱን በሁለት እጁ ያዘው።

ወረንጦው ገባ፤ ዞረ፤ ወጣ። ባዶ ነበር። እንደገና ገባ። ሽታዬ ትንፋሿን ዋጠች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቀስ ብላ ሳበች። በወረንጦው አፍ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ወርቅማ ብረት ተይዛ ወጣች።

ያኔ ድምፁ ከመሃል ፈነዳ፤ ቤቱን ሞላው።

«...በሬውን አትሽጪው፣ እማ! እኔ ሳልመጣ እንዳትሽጪው፤ ማንም እንዳይገዛኝ ብሎ ነው እሱ የሚከሳው...»

ሽታዬ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ እልልታው አልወጣ አላትና ደረቷን መታች። «እሱ ነው! እሱ ነው! ክንዱ፣ ከፊቱ ጀምርልኝ፤ አንዲትም እንዳታመልጠኝ!»

ክንዱ መስመሯን ወደ መጀመሪያው መለሳት።

«አሁን ልናገር?» አለ ላቀው። «ተናገር» አለው ሌላ ሰው ከሩቅ። «እሺ። እማ፣ እኔ ነኝ። ላቀው ነኝ። እንዴት ነሽ? እህቴ ብርቄስ ደህና ናት? ይሄ ሰውዬ ወደ መናገሪያው ብረት ጠጋ በል ይለኛል። ብረቱ ደግሞ ስንቱ ሽንኩርት በልቶ ሲናገርበት እንደዋለ እንጃ። እ... ምን ልበል? ሌሊቱን ስንት ነገር ሳስብ አድሬ አሁን ሁሉም ጠፋብኝ።»

«አንተ ነህ ወሬ የሚጠፋብህ!» አለች ሽታዬ። ከመሬት አልተነሣችም። ሲፒዩውን እንዳቀፈች ናት።

«ሙቀቱ ለጠላትም አይስጠው። ሰሊጡ ግን ሸጋ ነው። እኔም ወፍሬአለሁ፤ ብታይኝ አታውቂኝም።»

«ውሸቱን ነው፤ ሲወፍር ድምፁ አይቀጥንም» አለች፤ ደስታዋ ግን ሙሉ ነበር፤ ከዓይኗ እየፈሰሰ ነበር።

ረውዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልገባችም፤ አልሄደችም።

«ክንዱ!» አለ ላቀው። ክንዱ ስሙን ከስፒከሩ ሲሰማ ወደ ኋላ አለ። «አንተም እየሰማህ ነው አይደል? እሷ ካንተ በቀር የሚከፍትላት የለም። ጢም አበቀልክ ወይስ አሁንም በመላጭ እየለመንከው ነው?»

ሽታዬ ከት ብላ ሳቀች። ክንዱም መሳቅ ነበረበት። ሳቀም። ሳቁ ከአፉ ሲወጣ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ሊመልሰው ፈለገ፤ ጠዋት የታጠበው ፊት ከዚያ በላይ አልያዘለትም። ሽቦ የሚፈልግ መስሎ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ከዚያ ሥር ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሽታዬ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ትከሻውን አየች። ምነው አላለችም። ቀኑን ሙሉ ምነው ስትለው ውላ አሁን አላለችም።

ላቀው ስለ ጎረቤቱ ሰው ማንኮራፋት ሲያወራ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ረውዳ ገለል አለች። መጀመሪያ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ገቡ፤ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ይዘዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሉ። አያ ወልደ ዮሐንስ መጨረሻ ገባ። የገዛ ወንድሟ ነው፤ እንደ ወትሮው ግን ቀድሞ አልሳማትም። ድምፁን ሲሰማ ክንዱን የሚገድል ዓይን አየው።

ሽታዬ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየቻቸው። እሷ ራሷ በአገሯ ስንት ቤት መርዶ ይዛ ገብታለች። ማን ፊት ማን ኋላ እንደሚሆን፣ ዓይን የት እንደሚያርፍ፣ የቅርብ ሰው ለምን ከሁሉ ኋላ እንደሚገባ ታውቃለች።

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጇን አነሣች።

«ቆዩ» አለች። «ልጄ እየተናገረ ነው።»

አያ ወልደ ዮሐንስ ወደ ማኪናው አንድ እርምጃ ሄደ። አባ እጁን ያዙት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አራቱም እንደቆሙ ቀሩ። በጠባቧ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው አንገታቸውን ደፍተው፣ የሞተ ልጅ ሲያወራ ሰሙ።

«...እንግዲህ ለጥምቀት እመጣለሁ። ለብርቄ ሻሽ ገዝቻለሁ፤ እንዳትነግሪያት። በቃ ጨረስኩ መሰለኝ። ደህና ሁኚ እማ። ጨረስኩ፤ ዝጋው። ዘጋኸው?» «ገና ነው» አለ የሩቁ ሰው። «ኧረ ዝጋው! እማ፣ ገና ነው አለ። ታዲያ ምን ልጨምርልሽ? ምንም የለኝም። ዝም ብዬ ልቁም?»

ዝም ብሎ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽታዬ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች፤ ትንፋሹን ሰማች። መስመሯ ስትሄድ ሁሉም ያዩአት ነበር፤ ጫፉ ላይ ደረሰችና ቆመች።

ሽታዬ ሲፒዩውን ከጭኗ ላይ አንሥታ በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው። አጣጥፋ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«በሉ እንግዲህ» አለች። «አሁን ንገሩኝ።»